ቅድሚያ በመገናኛ መስመር ላይ፦ ከቴሌግራፍ ዘመን እስከ መረብ ማከፋፈያ መሣሪያ

አንድ የመገናኛ መስመር በአንድ ጊዜ ሊያስተላልፍ የሚችለው መልእክት የተወሰነ በመሆኑ፣ የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ ይለፍ የሚለው ጥያቄ ከመገናኛ ታሪክ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የመቀሌና የአካባቢዋ ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል።

ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ መቀሌን መናገሻ ባደረጉበት ዘመን መልእክት የሚጓዘው በእግረኛና በፈረሰኛ ነበር። ከአሥመራ ተነሥቶ ትግራይን በማቋረጥ አዲስ አበባ የሚደርሰው የቴሌግራፍ መስመር በጣልያን መሐንዲሶች የተዘረጋው እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 ነው። በዚያ ዘመን የቴሌግራፍ ሥርዓት የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1875 በሴንት ፒተርስበርግ በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሲሆን፣ ስምምነቱ ቴሌግራሞችን የመንግሥት፣ የአገልግሎትና የግል ብሎ በሦስት ይከፍላቸው ነበር። የመንግሥቱ ከሁሉ ይቀድማል፤ መስመሩን ለማሠራት የሚላከው የአገልግሎት መልእክት ይከተላል፤ የግለሰቡ ተራውን ይጠብቃል። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋም የስልክ አገልግሎት እየተስፋፋ ሄደ፤ በእጅ በሚሠራው ማዞሪያ ዘንድም ወረፋውን የሚያስከብረው ኦፕሬተሩ ነበር።

ዛሬ የኦፕሬተሩን ሥራ የያዘው ስዊች የተባለው የመረብ ማከፋፈያ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ደንብ መሠረት እያንዳንዱ የመረጃ ጥቅል ከ0 እስከ 7 የሚደርስ የማዕርግ ቁጥር ሊሸከም ይችላል። 7 ቁጥር ለመረቡ ለራሱ መቆጣጠሪያ የተተወ ስለሆነ፣ የጥንቱን የአገልግሎት ቴሌግራም ያስታውሳል። መሣሪያው ቁጥሩን አይቶ ጥቅሎቹን በተለያየ ወረፋ ያሰልፋል። ድምፅ ቀዳሚነት የሚሰጠው ከሌላው ስለሚከብር ሳይሆን መዘግየትን ስለማይችል ነው፤ ንግግር በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ሲዘገይ መደማመጥ እየከበደ ይሄዳል። ደብዳቤ ግን ጥቂት ሰከንድ ቢቆይ ተቀባዩ አያውቀውም። ስለዚህ በ1992 ዓ.ም. እንደተቋቋመው የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ባለ ተቋም፣ በርቀት የሚሰጥ ትምህርት ከትልልቅ ሰነዶች ጋር አንድ መስመር ሲጋራ፣ የወረፋው አደረጃጀት የትምህርቱን ጥራት ይወስናል።

አደረጃጀቱ ሁለት ጥንቃቄዎች ይጠይቃል። አንደኛው ማዕርጉን ማን ይስጥ የሚለው ነው። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ለራሱ የሚሰጠው ቁጥር ሳይመረመር ከታመነ ሁሉም ቀዳሚ ነኝ ይላል፤ ሁሉም ቀዳሚ ከሆነ ደግሞ ቀዳሚ የለም። ሁለተኛው የመጀመሪያው ወረፋ ልክ ሊኖረው እንደሚገባ ነው፤ ካልተገደበ የኋለኞቹን ፈጽሞ ሊያስቀራቸው ይችላል።

ከሁሉም በላይ ቅድሚያ ያለውን መስመር ያከፋፍላል እንጂ አዲስ መስመር አይፈጥርም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። በመካከሉ በከፊል ቢመለስም ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እንደገና ጠፋ፤ በመቀሌ መመለስ የጀመረውም ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ነበር። በዚያ ጊዜ የሐኪሙም፣ የመምህሩም፣ የልጇን ድምፅ የናፈቀች እናትም መልእክት እኩል ቀርቷል። ስለዚህ የቅድሚያ ሥርዓት የሚመዘነው ፊተኛውን በማፍጠኑ ብቻ ሳይሆን፣ መስመሩ ተከፍቶ የመጨረሻውም መልእክት ተራው ሲደርስ በማለፉ ነው።