በንጉሥ ሠረገላ አልቀመጥም ያለችው ወይዘሮ

ቤተ መንግሥት እንደ እሳት ነው፤ ከልክ በላይ የራቀው ይበርደዋል፥ ከልክ በላይ የቀረበውም ይቃጠላል። ልኩን ዐውቀው ከኖሩት ሰዎች አንዲቱ ከሁለት ሺሕ ዓመት በፊት በቻይና አገር በሃን ነገሥታት ቤት የነበረች ወይዘሮ ባን ናት። ባን የቤተ ሰቧ ስም ነው፤ የራሷን ስም ግን የታሪክ ጸሓፊዎች አልመዘገቡትም።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ33 ዓመት ቼንግ የተባለው ንጉሠ ነገሥት በቻንግአን ከተማ በነገሠ ጊዜ ወደ ቤተ መንግሥቱ ገባች፤ በንጉሡም ዘንድ ተወዳ ከፍ ወዳለ የዕቁባትነት ማዕርግ ደረሰች። ወንድ ልጅም ወልዳለት ነበር፤ ነገር ግን ሕፃኑ ጥቂት ወራት ብቻ ኖሮ ሞተ።

አንድ ቀን ንጉሡ በአትክልቱ ስፍራ ሲዘዋወር አብራው በሠረገላ እንድትቀመጥ ጠራት። እርስዋ ግን በጥንት ሥዕሎች ከደጋግ ነገሥታት አጠገብ የሚታዩት ጠቢባን አማካሪዎች መሆናቸውን፥ መንግሥት ከጠፋባቸው ነገሥታት አጠገብ የሚታዩት ግን የሚወዷቸው ሴቶች መሆናቸውን አስታውሳ፥ ንጉሡ እነዚያን እንዳይመስል ብላ እንቢ አለች። የንጉሡ እናት እቴጌ ዋንግም ይህን ሰምታ እጅግ አመሰገነቻት።

ከዚህ በኋላ ጃዎ ፌይየን የምትባል፥ በአንዲት ልዕልት ቤት ዘፈንና ጭፈራ የተማረች ቆንጆ የንጉሡን ልብ ወሰደች፤ ታናሽ እኅትዋም ተከትላት ገባች። ከልደት በፊት በ18 ዓመት ጃዎ የንጉሡን ሚስት እቴጌ ሹንና ወይዘሮ ባንን በአስማት ንጉሡን ረገሙት ብላ ከሰሰቻቸው። ሹ ከእቴጌነቷ ተሻረች። ባን ግን በምርመራው ጊዜ፥ መናፍስት የሚሰሙ ቢሆኑ የከዳተኛን ልመና እንደማይቀበሉ፥ የማይሰሙም ቢሆኑ ልመናው ከንቱ እንደ ሆነ አስረዳች። ንጉሡም በመልሷ ተነክቶ ነጻ ለቀቃት፤ ወርቅም ሸለማት።

ባን ግን በሽልማቱ አልተታለለችም። ከክስ የዳነ ሰው ከጠላት እንዳልዳነ ዐውቃ፥ በቻንግሺን ቤተ መንግሥት የንጉሡን እናት እንድታገለግል ለመነችና ተፈቀደላት። ኀዘኗንም በግጥም ጻፈች።

የቀሩትስ ምን ሆኑ? ጃዎ ከልደት በፊት በ16 ዓመት እቴጌ ሆነች። የተሻረችው ሹ በ8 ዓመት ራሷን እንድትገድል ተገደደች። በ7 ዓመት ንጉሡ የሚወርሰው ልጅ ሳይተው ድንገት ሞተ፤ የጃዎ ታናሽ እኅትም ራሷን ገደለች፤ በተደረገውም ምርመራ ሌሎች ሴቶች ለንጉሡ የወለዷቸው ሕፃናት መገደላቸው ተገለጠ። ጃዎም በ1 ዓመት ክብሯን ተገፍፋ ራሷን አጠፋች። ባን ግን የንጉሡን መቃብር ስትጠብቅ ኖራ በዚያው ዐረፈች።

ይህን ታሪክ የጻፈው ባን ጉ የወንድሟ የልጅ ልጅ ነውና፥ ዘመዱን አወድሷል የሚል ሰው አይታጣም። ነገር ግን የሠረገላውን ክብር የተመኙት ሁሉ እንዴት እንደ ጠፉ ፍጻሜያቸው ራሱ ይመሰክራል። አንባቢ ሆይ፥ ባንም ቢሆን ሰላሟን ያገኘችው በነጻ አይደለም፤ ዋጋው ብቸኝነት ነበረ። እርስዋ ግን ዋጋውን ዐውቃ ከፈለች፤ ሌሎቹ ሳያውቁት ተከፈለባቸው።