መዶሻው ያረፈው በማን ላይ ነበር?

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራችንን ይነጥቀን ይሆን ብሎ የሚሰጋን ሰው «ሉዳይት» ማለት ተለምዷል፤ ማሽን የሚጠላ ኋላ ቀር ለማለት ነው። ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1811 በእንግሊዝ ኖቲንግሃም አካባቢ ካልሲ ሠሪዎች ሌሊት እየወጡ የሹራብ ማሽን በመዶሻ ይሰባብሩ ጀመር። ልብ በሉ፤ ማሽኑ አዲስ አልነበረም። ከተፈለሰፈ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አባቶቻቸውም እንጀራ የበሉት በሱ ነው። የተቆጡት ደመወዝ በቆረጡና ሙያውን ያልተማረ ሰው በርካሽ ቀጥረው የማይረባ ካልሲ በሚያመርቱ አሠሪዎች ላይ ነበር። የአንዱን ማሽን ሰብረው የጎረቤቱን ሳይነኩ የሚያልፉትም ለዚህ ነው።

መንግሥትስ? በ1812 ማሽን የሰበረ በሞት ይቀጣ ብሎ ደነገገ። የ24 ዓመቱ ገጣሚ ሎርድ ባይረን በምክር ቤት ተነሥቶ ተቃወመ፤ ሕጉ ግን ጸደቀ። በ1813 መጀመሪያ በግድያ፣ ፋብሪካ በማጥቃትና በዝርፊያ የተከሰሱ 17 ሰዎች በዮርክ ተሰቀሉ።

የፋብሪካ ሕጻናትን ሥራ የሚከታተሉ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎችን የሾመው ሕግ የወጣው በ1833 ነው። እነሱም ለመላ አገሪቱ አራት ብቻ! ማሽኑን የሚጠብቀው ሕግ በዓመቱ ደረሰ፤ ለሕጻኑ ተቆጣጣሪ ለመሾም ግን 21 ዓመት ተጨማሪ ፈጀ።

ዛሬ የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ሕግ አሠሪዎች የሠራተኛን ስሜት በማሽን እንዳያነቡ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከልክሏል። ጅምሩ ጥሩ ነው። ግን ለእነዚህ ማሽኖች አስጸያፊ ጽሑፍ እያነበቡ ሲለዩ የነበሩ የናይሮቢ ወጣቶች በሰዓት ከ2 ዶላር በታች ነበር የሚያገኙት። የእነሱስ ተቆጣጣሪ መቼ ይደርሳል?