የተደበቀው ፓስፖርት

ፊልሙ የሚጀምረው ፓስፖርት ላይ ማኅተም ሲመታ ነው። ሁለት የሆንግ ኮንግ ወንዶች አርጀንቲና ገብተዋል። ዩ-ፋይና ፖ-ዊንግ ፍቅረኛሞች ናቸው፤ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ፖ-ዊንግ ጥሎ ይሄድና ተመልሶ እንደ አዲስ እንጀምር ይላል፤ ዩ-ፋይም አይጨክንበትም። የኢጓዙን ፏፏቴ አብረው ሊያዩ በመኪና ተነሡ፣ መንገድ ጠፋባቸው፣ ሳያዩትም ተለያዩ።

ዳይሬክተሩ ዎንግ ካር-ዋይ «ሃፒ ቱጌዘር» ያለው ይህ ፊልም ለእይታ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1997፣ ሆንግ ኮንግ ከእንግሊዝ እጅ ወጥታ ለቻይና ልትመለስ ሳምንታት ሲቀሩ ነበር። በከተማይቱ የወንድ ለወንድ ግንኙነት ወንጀል መሆኑ የቀረው ገና በ1991 ነው። ርእሱ አብሮ ስለ መደሰት ቢያወራም ተመልካች አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ኩርፊያ ነው።

ደስታው ቦነስ አይረስ ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ይገኛል። ፖ-ዊንግ ተደብድቦ፣ ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ዩ-ፋይ ዘንድ ይመጣል። ዩ-ፋይ ያጥበዋል፣ ያጎርሰዋል፣ አልጋውን ለቆለት ሶፋ ላይ ይተኛል። አንድ ቀን አስታማሚው ራሱ ታሞ ተኝቷል፤ ፖ-ዊንግ ራበኝ ብሎ ይነዘንዘዋል። ሰውየው እየተራገመ ይነሣና ብርድ ልብሱን እንደ ጋቢ ደርቦ ምድጃው ፊት ይቆማል። መሳሳም የለበትም፤ ግን በሲኒማ ስለ ፍቅር ከታዩ ትዕይንቶች ይህን የሚያህል እውነተኛ ጥቂት ነው። ዩ-ፋይ የልጁ እጅ ቶሎ እንዳይድን በልቡ ይመኛል። ሲድንበት ደግሞ ፓስፖርቱን ይደብቅበታል። ፖ-ዊንግ ክፍሉን ቢያተረማምሰውም አያገኘውም።

ፖ-ዊንግን ሆኖ የተጫወተው ሌስሊ ቼንግ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በቼን ካይጌ «ፌርዌል ማይ ኮንኩባይን» ውስጥ፣ በፔኪንግ ኦፔራ ሴት ሆኖ የሚጫወተውንና አብሮ አደግ የመድረክ ጓደኛውን በድብቅ የሚያፈቅረውን ዲዬይን ሠርቶ ነበር። ዲዬይ በልጅነቱ በቃለ ተውኔቱ ሴት ነኝ ማለት ሲገባው ወንድ ነኝ እያለ ይሳሳታል፤ ያስተካከለው በዚያው ጓደኛው እጅ አፉ በትንባሆ ፒፓ ተወግቶ፣ እየደማ ነው። ፊልሙ በ1993 የካን ፊልም ፌስቲቫልን ወርቃማ ዘንባባ ከጄን ካምፒየን «ዘ ፒያኖ» ጋር ተጋራ፤ ቻይና ውስጥ ግን መጀመሪያ ታገደ፣ ኋላም ተቆርጦ ታየ።

በ1997ቱ ካን ዎንግ የምርጥ ዳይሬክተርነትን ሽልማት ተቀበለ። በዚያው ፌስቲቫል የቤጂንጉ ዣንግ ዩዋን «ኢስት ፓላስ፣ ዌስት ፓላስ» ታይቷል፤ አንድ ፖሊስ ማታ መናፈሻ ውስጥ የያዘውን ወንድ አፍቃሪ ጸሐፊ ሌሊቱን ሙሉ ሲመረምረው የሚያሳይ ፊልም ነው። ርእሱ የተወሰደው የመናፈሻ መጸዳጃ ቤቶች ከሚጠሩበት ቅጽል ስም ነው። ስክሪፕቱን ከዣንግ ጋር የጻፈው ደራሲ ዋንግ ሺያዎቦ ፌስቲቫሉ ሊከፈት አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ዐርፏል። ዣንግም ካን አልተገኘም፤ ባለሥልጣናት ፓስፖርቱን ወስደውበት ነበር። ዩ-ፋይስ የደበቀው ከመውደድ ነው።

በኦክቶበር 1997 ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው የቻይና የወንጀል ሕግ ደግሞ «ዱርዬነት» የሚለውን ወንጀል ሰረዘ፤ በዣንግ ፊልም እንደሚታየው ያለ ሰው ይከሰስበት የነበረውን።