ከጀርባ ሸክም እስከ ጣት መቆንጠጫ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ በይፋ ከተገለጸ ወዲህ፣ በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኘው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ሕክምና ተመደበ። ለጉባኤና ለበዓል የተሠራው የቦሌው ሚሌኒየም አዳራሽም በዚያው ዓመት የሕሙማን አልጋ ተዘረጋበት። በሽታው አንዳንዱን ሰው ትንፋሽ ሳያሳጥረው የደሙን ኦክሲጅን ስለሚቀንስበት፣ አደጋውን ቀድማ የምታሳውቀው በጣት ላይ የምትቆነጠጠው ትንሽ መለኪያ ነበረች። የሙያ ባልደረቦቻችን ይህች መሣሪያ ከየት እንደመጣች ቢያውቁ መልካም ነው።

በሰውነት ላይ ተለብሶ ያለ ሽቦ የሚለካ መሣሪያ ታሪክ የሚጀምረው በሸክም ነው። አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ የሚንቀሳቀስን ሰው የልብ ኤሌክትሪክ በራዲዮ ሞገድ ለማስተላለፍ ወደ 38 ኪሎ ግራም የሚመዝን መሣሪያ በጀርባ አሸከመ። ትራንዚስተር ከተገኘ በኋላ ሸክሙ እየቀለለ ሄዶ፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ፖላር የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ለስፖርተኞች የሚሆን ገመድ አልባ የልብ ምት መለኪያ ለገበያ አቀረበ።

የጣቷን መለኪያ መሠረተ ሐሳብ በ1974 እ.ኤ.አ. ያስታወቀው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ ነው። ኦክሲጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ቀይ ብርሃንንና ኢንፍራሬድን የሚውጡት በተለያየ መጠን ነው። አዮያጊ ከልብ ትርታ ጋር ከፍና ዝቅ የሚለውን ብርሃን ብቻ በመለየት፣ የደም ቅዳውን ድርሻ ከሥጋውና ከቆዳው ለየ። መሐንዲሱ ያረፈው በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ.፣ ዓለም በመሣሪያው እጅግ በተጠቀመበት ወራት ነበር።

ይሁን እንጂ መሣሪያዋ ኦክሲጅንን በቀጥታ አትለካም፤ የብርሃኑን ንጽጽር በፈቃደኛ ሰዎች ደም ከተዘጋጀ ሠንጠረዥ ጋር ታመሳክራለች እንጂ። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ መሣሪያዋ ደህና ነው እያለች ደማቸው ግን ኦክሲጅን ያነሰው ሕሙማን ድርሻ በጥቁሮች ዘንድ ከነጮች ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን ገለጸ።

በከተማችን ሌላም ጉዳይ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በሌላ በኩል ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በስሜን ተራራ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች የኦክሲጅን መጠን በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ የተወሰነው የማስጠንቀቂያ ልክ እንዳለ ቢወሰድ፣ ወይም ከፍታን ብቻ በማሰብ በግምት ቢቀነስ፣ ሁለቱም ሊያሳስቱ ይችላሉ።

ዛሬ ይኸው ሴንሰር በእጅ ሰዓትና በቀለበት ውስጥ ገብቶ፣ ጤነኛውን ሰው ሳይታመም እንዲጠብቅ ታስቧል። ነገር ግን ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ጤነኛውን ያስጨንቃል፤ ሐሰተኛ ማረጋገጫ ደግሞ በሽተኛውን ቤቱ ያስቀረዋል። ከሁለቱ የከፋው ኋለኛው ነው። መሣሪያውን ከውጭ ማስመጣት የነጋዴ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የመሣሪያውን ቁጥር በኢትዮጵያውያን ቆዳና በዚህ ከፍታ፣ ከደም ምርመራ ጋር አስተያይቶ መፈተን ግን ከሐኪሞች ጋር የእኛ የመሐንዲሶች ድርሻ ነው።