የልጆች የኢንተርኔት ግላዊነት ጥበቃ ሕግ (ኮፓ) እና የቪዲዮ አዘጋጆች

የልጆች የኢንተርኔት ግላዊነት ጥበቃ ሕግ፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኮፓ፣ ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የግል መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይሰበሰብ የሚከለክል የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ነው። ኦክቶበር 21 ቀን 1998 ጸድቆ ኤፕሪል 21 ቀን 2000 ሥራ ላይ ዋለ (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አስፈጻሚው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነው። ሕጉ ሲወጣ የታሰበው ለድረ ገጽ ባለቤቶች ቢሆንም፣ ከ2019 የዩቲዩብ ስምምነት ወዲህ ቤቱ ተቀምጦ የልጆች ቪዲዮ የሚሠራውን ግለሰብም በቀጥታ ነክቷል። ልጆችን ከመረጃ ለቀማ መጠበቅ እንደሚገባ አብዛኛው ሰው ይስማማል፤ ዋናው ክርክር ኃላፊነቱ በማን ላይ ይውደቅ የሚለው ነው።

የሕጉ ይዘት

ሕጉ ለልጆች የተዘጋጁ ድረ ገጾችንና መተግበሪያዎችን፣ እንዲሁም ተጠቃሚው ከ13 ዓመት በታች መሆኑን እያወቁ መረጃ የሚወስዱትን ይመለከታል። እነዚህ አስቀድመው ለወላጅ ማሳወቅና ሊረጋገጥ የሚችል ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። የተፈረመ ቅጽ፣ የክሬዲት ካርድ ክፍያ ወይም የስልክ ጥሪ ለማረጋገጫነት ያገለግላል። ጁላይ 1 ቀን 2013 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ፎቶን፣ ድምፅን፣ ቪዲዮን፣ ልጁ የሚገኝበትን ቦታና እንደ ኩኪ ያሉ መከታተያ መለያዎችን በግል መረጃነት ጨመረ። ለቪዲዮ አዘጋጆች ወሳኙ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ማስታወቂያ በተመልካቹ ልማድ ተመርጦ የሚቀርበው በነዚህ መለያዎች ነውና።

የ13 ዓመት ገደብ አመጣጥ

ገደቡ ለምን 13 ላይ እንደቆመ የተለያየ ማብራሪያ ይሰጣል። ለሕጉ መነሻ ከሆኑት ጉዳዮች አንዱ ኪድስኮም የተባለ፣ ከ4 እስከ 15 ዓመት ለሆኑ ልጆች የተዘጋጀ ድረ ገጽ ነበር። የሚዲያ ትምህርት ማዕከል የተባለ ተቆርቋሪ ድርጅት በ1996 አቤቱታ አቀረበበት፤ የኮሚሽኑ ባለሙያዎችም በ1997 በጻፉት ደብዳቤ ከልጆች መረጃ ሲሰበሰብ ዓላማው ለወላጅ ሊገለጽ እንደሚገባ አመለከቱ። በ1998 ኮሚሽኑ ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት፣ ከተመለከታቸው 212 የልጆች ድረ ገጾች 89 በመቶው ከልጆች የግል መረጃ እንደሚሰበስቡ፣ ለወላጅ የመቆጣጠሪያ መንገድ የሚሰጡት ግን 10 በመቶ እንደማይሞሉ አሳወቀ።

በዚያው ዓመት የኔቫዳው ሴናተር ሪቻርድ ብራያን ያቀረቡት ረቂቅ ልጅ የሚለው ከ16 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ነበር። ከ13 በታች ላሉት የወላጅ ቅድመ ፈቃድን ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ ላሉት ደግሞ ወላጅ እንዲያውቅና መቃወም እንዲችል ያዛል። በመጨረሻ በጸደቀው ሕግ ታዳጊዎቹ ወጡ። አንዳንዶች ይህን ከልጆች ሥነ ልቦና ጋር ያያይዙታል፤ ትንንሽ ልጆች የማስታወቂያን ዓላማ ለይተው አያውቁም የሚለው ሐሳብ በቴሌቪዥን ዘመንም የቆየ ነውና። ሌሎች ደግሞ ውጤቱ የድርድር ይመስላቸዋል። የንግድ ኩባንያዎች ሰፊውን ገደብ አልፈለጉትም፤ የመብት ተሟጋቾችም ታዳጊዎች ወላጅ ሳያስፈቅዱ መረጃ የማግኘት መብታቸው እንዳይጠብ ሰግተው ነበር። ሁለቱ ማብራሪያዎች እርስ በርስ የሚጣሉ አይመስሉም። ገደቡን ከፍ ለማድረግ የቀረበው ረቂቅ በጁላይ 2024 በሴኔቱ 91 ለ3 ቢያልፍም በተወካዮች ምክር ቤት አልጸደቀም።

የዩቲዩብ ጉዳይ

ዩቲዩብ ጣቢያው ከ13 ዓመት በላይ ላሉ ብቻ ነው ሲል ቆይቷል። በኤፕሪል 2018 ከ20 በላይ የሆኑ የልጆችና የሸማቾች መብት ድርጅቶች ለኮሚሽኑ አቤት አሉ። ኮሚሽኑ በኋላ ባቀረበው ክስ እንደተገለጸው፣ ኩባንያው ማቴልና ሃዝብሮን ለመሳሰሉ የአሻንጉሊት አምራቾች ልጆችን ለማግኘት ከእሱ የተሻለ እንደሌለ ሲናገር፣ ለአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ግን ከ13 በታች ተጠቃሚ ስለሌለው ኮፓ እንደማያሳስብ ነግሯል። ሴፕቴምበር 4 ቀን 2019 ጉግልና ዩቲዩብ 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ 136 ሚሊዮኑ ለኮሚሽኑ፣ 34 ሚሊዮኑ ለኒው ዮርክ ግዛት።

ስምምነቱ በኮሚሽኑ 3 ለ2 በሆነ ድምፅ ነው ያለፈው። ከተቃወሙት አንዷ ሬቤካ ስሎተር፣ ቪዲዮው ለልጆች መሆን አለመሆኑን የመናገሩ ኃላፊነት በአዘጋጁ ላይ ብቻ መጣሉ በቂ እንዳልሆነ፣ ዩቲዩብ ራሱ በቴክኖሎጂ ሊያጣራ እንደሚገባ ተከራከሩ። መከታተያውን የሚያስቀምጠውም ሆነ መረጃውን የሚይዘው መድረኩ በመሆኑ፣ በኋላ ከአዘጋጆች የመጣው ቅሬታ ሁሉ ሥሩ እዚህ ጋ ነው ማለት ይቻላል።

በቪዲዮ አዘጋጆች ላይ ያስከተለው

በስምምነቱ መሠረት ከኖቬምበር 2019 ጀምሮ ማንኛውም አዘጋጅ፣ የትም አገር ይኑር፣ ቪዲዮ ሲጭን አንድ ጥያቄ መመለስ ግድ ሆነበት፤ ይህ ቪዲዮ ለልጆች የተሠራ ነው ወይስ አይደለም? «ነው» ካለ፣ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ በተመልካቹ ልማድ የሚመረጠው ማስታወቂያ ይቀራል። ከቪዲዮው ይዘት ጋር ብቻ የሚዛመደው ማስታወቂያ ቢቀጥልም ክፍያው በአብዛኛው ያነሰ ነው። አስተያየት መስጫው ይዘጋል፤ መጀመሪያ ላይ ቪዲዮውን ፕሌይሊስት ውስጥ ማስቀመጥም አይቻልም ነበር፤ ወደ ሌላ ቪዲዮ የሚመሩት ካርዶችና የመዝጊያ ገጾች ይጠፋሉ። ቻናሉ በሙሉ ለልጆች ከተባለ የማሳወቂያ ደወልም አይኖረውም። «አይደለም» ብሎ ቢሳሳት ደግሞ ቅጣቱ በወቅቱ ለአንድ ጥሰት እስከ 42,530 ዶላር ይደርስ ነበር።

መልሱ ሁልጊዜ ግልጽ አልነበረም። ኮሚሽኑ የሚመዝነው ርዕሰ ጉዳዩን፣ ምስሉን፣ ሙዚቃውን፣ የካርቱን ገጸ ባሕርያትንና የተዋናዮቹን ዕድሜ አንድ ላይ ነው። አሻንጉሊት የሚሰበስብ ጎልማሳ ለመሰሎቹ የሚሠራው ቪዲዮ ከውጭ ሲታይ የልጅ ሊመስል ይችላል። በኖቬምበር 2019 ኮሚሽኑ ደማቅ ቀለም ወይም ካርቱን ስላለው ብቻ አንድ ቪዲዮ የልጆች እንደማይባል ቢያስረዳም፣ ስጋቱ አልበረደም። የኮፓን ማስፈጸሚያ ደንብ ለመከለስ በተከፈተው የሕዝብ አስተያየት ከ175,000 በላይ ጽሑፎች ገቡ፤ ብዙዎቹ ከዩቲዩበሮችና ከተመልካቾቻቸው ናቸው። አዘጋጁ የወላጅ ፈቃድ ልጠይቅ ቢል እንኳ መድረኩ መንገዱን አላበጀለትም።

ተመራማሪው ጋሬት ጆንሰንና ባልደረቦቹ 5,066 ታላላቅ የአሜሪካ ቻናሎችን አጥንተው፣ የልጆች ቻናሎች ምርት በ13 በመቶ፣ ዕይታቸው በ22 በመቶ መቀነሱን፣ የቀረው ሥራና ዕይታም ይበልጥ በትልልቆቹ እጅ መከማቸቱን አሳይተዋል። ልጆችን ለመጠበቅ በወጣ ሕግ ለልጆች የሚሠራው ሰው ማነሱ፣ በተለይም ትንንሾቹ መገፋታቸው፣ ሊዘነጋ የማይገባው ውጤት ነው። ዩቲዩብ ለጥሩ የልጆች ሥራዎች በሦስት ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድብ አስታውቆ ነበር።

በሌሎች አገሮች

የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ የፈቃድ ዕድሜውን 16 ሲያደርግ አባል አገሮች እስከ 13 ዝቅ እንዲያደርጉት ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) አውጥታለች፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

የአማርኛ የልጆች ቪዲዮዎች

ኮፓ የውጭ አገር አዘጋጅንም ይመለከታል፤ ሥራው አሜሪካ ላሉ ልጆች የታለመ ከሆነ። ስለዚህ አዲስ አበባ ሆኖ በአሜሪካ ለሚያድጉ ሐበሻ ልጆች ፊደል የሚያስቆጥር ወይም ተረት የሚያወራ ሰው ከሕጉ ውጭ ነኝ ማለት የሚችል አይመስልም።

የዲዝኒ ውሳኔና የ2025 ማሻሻያ

በሴፕቴምበር 2025 ዲዝኒ የልጆች ቪዲዮዎችን በትክክል ሳይመድብ በመጫን ተከሶ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በክሱ መሠረት ኩባንያው ምደባውን በየቪዲዮው ሳይሆን ለቻናሉ በጅምላ ያደርግ ነበር፤ ዩቲዩብ በ2020 ከ300 በላይ የሚሆኑትን ራሱ እንዳረማቸውም ተገልጿል። በ2025 የተሻሻለው የኮፓ ደንብ የሰውነት መለያ (ባዮሜትሪክ) መረጃዎችን በግል መረጃነት ጨምሯል፤ የልጅን መረጃ ለሦስተኛ ወገን ለመስጠትም የተለየ የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። በዲዝኒ ላይ የተላለፈው ትእዛዝ ኩባንያው ቪዲዮዎቹን እየመረመረ እንዲመድብ ያስገድዳል፤ ሆኖም ዩቲዩብ የተመልካችን ዕድሜ የሚያረጋግጥ ሥርዓት ከዘረጋ ግዴታው እንደሚቀር ይደነግጋል። ይህም ሸክሙ መረጃውን ወደያዘው መድረክ እንዲመለስ በር የከፈተ፣ ትንንሾቹ አዘጋጆችም ሊጠቀሙበት የሚገባ ድንጋጌ ነው።