ከጋፋት እስከ መቅደላ፦ የመድፎቹ ታሪክና የግፊት ዕቃዎች ቀሪ ዕድሜ



የዛሬው ርእሴ የግፊት ዕቃዎች ደኅንነትና ቀሪ ዕድሜ ነው። የግፊት ዕቃ ስል የታመቀ አየር፣ እንፋሎት ወይም ጋዝ የሚይዝ ዝግ ዕቃ ማለቴ ነው። ንግግሬን ግን ከፋብሪካ ሳይሆን ከዚሁ ከአካባቢያችን ታሪክ እጀምራለሁ፤ መድፍም ባሩዱ በሚነድባት ቅጽበት የግፊት ዕቃ ነውና።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ አውሮፓውያን ባለሙያዎችንና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን አሰባስበው መድፍ አሠርተዋል። ከሁሉ የገነነው ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1860 ዓ.ም. ማብቂያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ መድፎቹን በሠረገላ እያስጎተቱ፣ በጋይንት አድርገው፣ ጨጨሆን አልፈው ወደ ዋድላና ደላንታ አቀኑ። መንገድ ባልነበረበት ገደል መንገድ ተጠረበ፤ እርሳቸውም ከሠራዊቱ ጋር በእጃቸው ይሠሩ ነበር። መቅደላ ለመድረስ ከአምስት ወር በላይ ፈጀባቸው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ውጊያ ከትላልቆቹ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ያን ያህል ላብ የፈሰሰበት ዕቃ አንዲት ቅጽበት አልቻለም።

መድፍ የሚፈነዳው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ግፊቱ ከልክ ያልፋል፣ ወይ ግድግዳው ከታሰበው ይደክማል። ነሐስ በብዛት ቀልጦ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የአየር ቀዳዳ ሊቀር፣ መዳቡና ቆርቆሮው ወጥ ሆነው ላይዋሐዱ ይችላሉ። ላዩ ለስላሳ ሆኖ ውስጡ የታመመ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሴባስቶፖል ዛሬም በአምባ ማርያም ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ የሚታየው ግን ውጩ ነው።

ይህ የጋፋት ችግር ብቻ አልነበረም። በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1844 ፕሪንስተን በተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ «ሰላም አስከባሪ» የተሰኘው ታላቅ መድፍ ፈንድቶ የውጭ ጉዳይና የባሕር ኃይል ሚኒስትሮቹን ጨምሮ ስድስት ሰዎችን ገደለ። መድፉ በዚያው ቀን ቀደም ብሎ ያለ ችግር ተተኩሶ ነበር። ሠሪዎቹ የተማመኑት በብረቱ ውፍረት ነበር። ነገር ግን ወፍራም ግድግዳ ውስጥ ትልቁን ጫና የሚሸከመው የውስጠኛው ክፍል ነው፤ ከውጭ የሚጨመረው ብረት ሸክሙን እኩል አይጋራም። የብረቱ ጥራት ከጎደለ ደግሞ ውፍረቱ መተማመኛ አይሆንም።

አሁን ወደ ዘመናችን ልመለስ። መድፎቹ ባለፉበት በጋይንት ምድር ዛሬ መኪና ይመላለሳል፤ ጎሚስታው ጎማ የሚሞላው ከኮምፕረሰር ጋን ነው። በነፋስ መውጫ፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ፣ የሕክምና መሣሪያ በእንፋሎት የሚመክንበት ዕቃም በግፊት ይሠራል። የታመቀ አየር እርጥበት ስላለው ውኃው ከጋኑ ሥር ይጠራቀማል፤ በየቀኑ ካልተንጠፈጠፈ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ውጩን ቀለም መቀባት ይህን አያስቆምም።

ቀሪ ዕድሜን የምንገምትበት ሂሳብ ቀላል ነው። አንድ ጋን ሲገዛ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ነበር እንበል። ከ10 ዓመት በኋላ ሲለካ 5 ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ በዓመት 0.1 ይሳሳል። ግፊቱን ለመቻል ቢያንስ 4.2 የሚያስፈልግ ከሆነ የቀረው 0.8 ነው፤ ይኸውም 8 ዓመት። ይሁን እንጂ ቀጣዩ ምርመራ ከዚህ ግማሽ፣ ከ4 ዓመት፣ ማለፍ የለበትም፤ ዝገት በእኩል ፍጥነት አይጓዝምና። መለኪያውም ውኃ የሚተኛበትን ሥሩን መፈተሽ አለበት። በብየዳው ዙሪያ የሚፈጠር ስንጥቅ በዚህ ሂሳብ አይገኝም፤ ለብቻው ይመረመራል። ጋኑን በግፊት ስንፈትን ደግሞ በአየር ሳይሆን በውኃ እንሙላው፤ ውኃ ሲታመቅ የሚያከማቸው ጉልበት እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ጋኑ ቢሰነጠቅ እንኳ ጉዳቱ ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ሂሳብ የመጀመሪያው ውፍረትና የተገዛበት ዓመት ካልተመዘገበ ከንቱ ነው። «እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም» የሚለው ቃል ማስረጃ አይደለም፤ የፕሪንስተን መርከበኞችም ይህንኑ ሊሉ ይችሉ ነበር። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ነገ ለሥራ ስትሰማሩ ከየትኛውም ጋን አጠገብ ስትቆሙ አስቀድማችሁ መዝገቡን ጠይቁ። መዝገብ ከሌለው ግፊቱን አስወጡና ለኩ፤ የመዝገቡንም የመጀመሪያ መስመር እናንተ ጻፉ። ከጋኑ አጠገብ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ወጣት ሕይወቱን የተማመነው በዚያ መስመር ላይ ነው።