የወጣችው እኅትና የቀረው ወንድም

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ በሁለተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ሥዕሉ በእግሩ ሁለት ረጃጅም ጣውላ አስሮ፣ በጀርባው ጠመንጃ አዝሎ፣ በነጭ ሜዳ ላይ የሚገሰግስ ሰው ያሳያል። እኛ ልጆቹ፣ ሰውዬው አዳኝ ነው የሚል አንድ ወገን፣ ወታደር ነው የሚል ሌላ ወገን ሆነን እንከራከር ነበር፤ ነጩ ነገር ጨው ነው በሚለው ግን ሁላችንም ተስማምተን ነበር። ሥዕሉን ከአገራቸው ያመጡት ኖርዌያዊት መምህራችን ክርክራችንን ሰምተው ከሳቁ በኋላ፣ ሜዳው በረዶ እንደ ሆነ፣ ሰውዬውም አዳኝ ወይም ወታደር ሳይሆን ተወዳዳሪ እንደ ሆነ አስረዱን። ሮጦ መተኮስ፣ ተኩሶም መሮጥ ጨዋታ ነው ሲሉን ከመካከላችን ያመናቸው አልነበረም።

ያ ጨዋታ ባያትሎን ይባላል። ተወዳዳሪው ክብደቱ ከሦስት ኪሎ ተኩል የማያንስ ጠመንጃ አዝሎ፣ በበረዶ መንሸራተቻ ላይ ቆሞ ዳገትና ቁልቁለት ይሮጣል። በመካከሉ ይቆምና ከ50 ሜትር ርቀት አምስት ዒላማ ይመታል፤ አንድ ጊዜ ተኝቶ፣ አንድ ጊዜ ቆሞ። ተኝቶ ሲተኩስ የዒላማው ስፋት 45 ሚሊሜትር ነው፤ ይህም ከቡና ሲኒ አፍ ያነሰ ማለት ነው። ቆሞ ሲሆን 115 ሚሊሜትር ይሆንለታል። በአጭሩ ሩጫ፣ በሳተው ጥይት ቁጥር ልክ 150 ሜትር የቅጣት ዙር ይጨመርበታል። እንግዲህ ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ዳገት ወጥቶ ልቡ እንደ ከበሮ የሚመታ ሰው፣ በዚያው ቅጽበት ትንፋሹን ገትቶ እጁን ማርጋት አለበት። ብርቱ ሯጭ በመሆን ብቻ አይሸነፍም ማለት አይቻልም፤ ረጋ ያለ ተኳሽም ሩጫ ካላወቀ ዋጋ የለውም።

ከዚያ ሥዕል የተነሣ፣ ዛሬም በስተርጅና፣ ባያትሎን በቴሌቪዥን ሲታይ ካገኘሁ ሳላይ አላልፍም። ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነችኝን ሴት ያወቅኋትም በዚሁ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ያስነሣው ግን ሌላ ሩጫ ነው። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ፣ በሴቶች ማራቶን መጨረሻ ላይ ለኢትዮጵያ የቆመችው ትግስት አሰፋና እዚሁ አገር ተወልዳ በአሥራ አምስት ዓመቷ ስደተኛ ሆና የሄደችው፣ ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን ጎን ለጎን ደረሱ፤ ሲፋንም በሦስት ሰኮንድ ቀደመች። ያን ዕለት ከጎረቤቴ ከጡረተኛው መቶ አለቃ ጋር ቡና እየጠጣን ነበር። እኔ ተናድጄ፣ «የእናት ጡት ነካሽ» አልሁ። መቶ አለቃ ዐይን ዐይኔን አዩኝና፣ «መምህር፣ ጡቱን ማን ከለከላት ብለው ጠይቀዋል?» አሉኝ። መልስ አልሰጠሁም። ሌሊት ግን እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ፣ የአናስታሲያ ኩዝሚና ታሪክ እየመጣ ይመላለስብኝ ጀመር።

አናስታሲያ በ1984 በሩሲያ፣ በሳይቤሪያ፣ ቱሜን በምትባል ከተማ ተወለደች። ቱሜን በ1586 የተቆረቆረች፣ ሩሲያውያን በሳይቤሪያ ከሠሯቸው ከተሞች የመጀመሪያይቱ ናት። በረዶ እዚያ እንደ እኛ አገር አቧራ ነውና፣ ልጅ ሁሉ መንሸራተትን ከመራመድ ለይቶ አያውቅም። የአባቷ ስም ሺፑሊን ነው፤ ከእርሷ ሦስት ዓመት የሚያንስ አንቶን የሚባል ወንድም አላት፤ እርሱም ኋላ እንደ እርሷ ዝነኛ ባያትሎን ተወዳዳሪ ሆነ። ሁለቱም ከአንድ ቤት ወጥተው አንድ ሙያ ያዙ።

አናስታሲያ ለሩሲያ በወጣቶች ደረጃ ተወዳድራለች። ከዚያ በኋላ የበረዶ ሯጭ የሆነውን፣ ኋላም አሠልጣኟ የሆነውን ዳንኤል ኩዝሚንን አገባች፤ በ2007ም ወንድ ልጅ ወለደች። ከአራስ ቤት ወጥታ ወደ ውድድር ልመለስ ስትል በአገሯ ቡድን ውስጥ የሚያስተማምን ቦታ አላገኘችም። ሩሲያ በባያትሎን ሀብታም አገር ናት፤ አንዲት ሴት ብትጎድል በቦታዋ የምትቆም ሌላ አትጠፋም። ሀብታም ቤት እንግዳውን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ሊረሳ ይችላል። ባልና ሚስቱ በስሎቫኪያ፣ ባንስካ ቢስትሪፃ በምትባል ከተማ ኑሯቸውን አደረጉ፤ በ2008ም እርሷ የስሎቫኪያን ዜግነት አገኘች።

ስሎቫኪያ ከቼኮች ተለይታ ራሷን የቻለችው በ1993 ነው፤ ሕዝቧም ከአምስት ሚሊዮን ተኩል አይበልጥም። የኦሊምፒክ ቻርተር፣ ለአንድ አገር የተወዳደረ ሰው ለሌላ ለመቆም ሦስት ዓመት ይጠብቅ፣ አገሮቹ ከተስማሙ ግን ጊዜው ሊያጥር ይችላል ይላል። ሕጉ መልካም ነው፤ ገንዘብ ያለው አገር ሁሉ ሯጭ እንደ ፍየል ከገበያ እየጎተተ እንዳይወስድ ይከለክላል። እንዲህ ያለ ግዢ በዓለም ላይ ሞልቷልና፣ እኔም የእርሷን ጉዳይ መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ከዚያው ነገር ቈጥሬው ነበር። ዳሩ ግን ስሎቫኪያ ሯጭ በወርቅ የምትገዛ አገር አልነበረችም፤ አናስታሲያም በዚያን ጊዜ ዋጋ የሚሰጣት ዝነኛ ሰው አልነበረችም። ያገኘችው ነገር ቢኖር በር ነው።

በ2009 የዓለም ሻምፒዮና በደቡብ ኮሪያ፣ በፒዮንግቻንግ ሲደረግ፣ ሁሉም በአንድነት ተነሥተው በሚሮጡት ውድድር ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣችው ኦልጋ ዛይትሴቫ ናት፤ እርሷም ሩሲያዊት። እዚህ ላይ አንባቢ የፒዮንግቻንግን ስም እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

በዓመቱ የቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ደረሰ። (ክረምት ስንል የእኛ ሰው ዝናብና ጭቃ ይታየዋል፤ የእነርሱ ክረምት ግን በረዶ ነው።) ያን ጊዜ በመክፈቻው ሰልፍ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ የገባ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ሮቤል ተክለማርያም ነው። ሮቤል በአሜሪካ አድጎ፣ በረዶ መንሸራተትንም እዚያው ተምሮ፣ በ2006 በቱሪን ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ያስቆጠረ ነው። እርሱን ግን ማናችንም የአሜሪካ ጡት ነካሽ ብለን አልጠራነውም፤ አጨበጨብንለት እንጂ። ወደ እኛ የመጣውን «ልጃችን» እንላለን፤ ከእኛ የሄደውን «ከዳተኛ»። ሚዛናችን ሁለት ድንጋይ እንዳለው ያስተዋልሁት ይህን ባሰብሁ ጊዜ ነው።

በ2010 የካቲት ወር፣ በ7.5 ኪሎ ሜትሩ ሩጫ፣ አናስታሲያ አንድ ጥይት ሳተችና የቅጣቱን ዙር ሮጠች። እንዲህም ሆኖ ጀርመናዊቷን ማግዳሌና ኖይነርን በአንድ ሰኮንድ ተኩል ቀደመቻት። አንድ ሰኮንድ ተኩል ማለት ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ የማይጨርስበት ጊዜ ነው። ይህ ወርቅ ስሎቫኪያ በክረምት ኦሊምፒክ ያገኘችው የመጀመሪያው ወርቅ ሆነ። ልጇ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት አልሞላውም። በማሳደዱ ውድድር ኖይነር ብድሯን መለሰች፤ አናስታሲያ ብር አገኘች። በዚያው ኦሊምፒክ ወንድሟ አንቶን ከሩሲያ ጓደኞቹ ጋር በቅብብል ነሐስ አገኘ። እናት በአንድ ኦሊምፒክ ሁለት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል አየች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ምክትል ርእሰ መምህር ሳለሁ፣ አንዲት የሒሳብ መምህርት ወልዳ ዕረፍቷን ጨርሳ ስትመለስ፣ ክፍሎቿ ለሌላ ሰው ተሰጥተው ጠበቋት። ከፍ ያለውን ክፍል ትታ የታችኛውን እንድትይዝ ተነገራት። ድልድሉን የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። «ልጅ ይዛ ከባዱን አትችለውም» ብዬ፣ የምራራላት መስሎኝ፣ ሳልጠይቃት ወሰንሁ። እርሷ አልተጨቃጨቀችም፤ በወሩ መልቀቂያ አስገብታ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደች። ከሁለት ዓመት በኋላ የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች በሒሳብ ውጤት ከእኛ ልጆች በለጡ። ያን ጊዜ በመምህራን ክፍል ውስጥ ያልሁትን አስታውሳለሁ፤ «እኛ አሳድገናት ለሌላ አበበች» ነው ያልሁት። በሩን የዘጋሁት እኔ፣ ወጣች ብዬ የከሰስኋትም እኔ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የ2014 ኦሊምፒክ የተደረገው በሩሲያ፣ በሶቺ ነው። የስሎቫኪያን ልብስ ለብሳ ወደ ተወለደችበት አገር የገባችው አናስታሲያ፣ በዚያው በ7.5 ኪሎ ሜትሩ ሩጫ፣ አምስቱን ተኝታ፣ አምስቱን ቆማ፣ አሥሩንም ጥይት አልሳተችም። አንደኛ ወጣች። ሁለተኛ የወጣችው ኦልጋ ቪሉኺና ናት፤ ሩሲያዊት። ለአሸናፊ የሚዘመረው በሩሲያ ምድር የስሎቫኪያ መዝሙር ሆነ። እርሷ ምን እንደ ተሰማት እኔ ልናገርላት አልችልም። ያ ቀን ደስታ ብቻ ነበር ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢኖር አላምነውም።

ወንድሟም በዚያው በሶቺ፣ በቅብብሉ የመጨረሻውን ዙር ሮጦ ለሩሲያ ወርቅ አስገኘ። የአንቶንን ነገር እንግዲህ ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እርሱ ያልሄደው፣ የቀረው፣ በአገሩ ልብስ የጸናው ልጅ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን የቡድኑ ባልደረባ የአንዱ ውጤት በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት ስለ ተሰረዘ፣ የአራቱም ወርቅ ተነጠቀ። ከዚያም በፊት፣ በ2017 መጨረሻ፣ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በመድኃኒቱ ጉዳይ የሩሲያን ኮሚቴ አገደ፤ ንጹሕ ናቸው የተባሉት ብቻ ያለ ሰንደቅ ዓላማ እንዲወዳደሩ ተጠሩ። አንቶን በምርመራ ተይዞ ቅጣት ያልተጣለበት ሰው ሲሆን፣ ከተጠሩት መካከል ስሙ አልተገኘም። ለስፖርቱ የግልግል ፍርድ ቤት አቤት አለ፤ አልተሳካለትም። የ2018ን ኦሊምፒክ ከቤቱ ሆኖ አየ።

ያ ኦሊምፒክ የት ነበር? በፒዮንግቻንግ። አናስታሲያ በ2015 ሁለተኛ ልጇን ወልዳ፣ እንደገና ከአራስ ቤት ተነሥታ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞልቷት ወደዚያ ሄደች። በማሳደዱ ብር፣ በ15 ኪሎ ሜትሩም ብር አገኘች። ከዚያ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከሩሲያዊቷ በኋላ ሁለተኛ በወጣችበት በዚያው ስፍራ፣ በዚያው ዓይነት ውድድር፣ ሁሉም በአንድነት ሲነሡ እርሷ አንደኛ ደረሰች። በሦስት ተከታታይ ኦሊምፒክ ሦስት ወርቅ መሆኑ ነው። ከእርሷ ቀጥላ የገባችው ለቤላሩስ የምትሮጠው ዳርያ ዶምራቼቫ ናት፤ እርሷም ልጅነቷን በሳይቤሪያ ያሳለፈች፣ በወጣትነቷ ከሩሲያ ወደ ትውልድ አገሯ የተመለሰች ናት። አንዷ ከትውልድ አገሯ ወጥታ፣ ሌላዪቱ ወደ ትውልድ አገሯ ገብታ፣ ከአንድ መድረክ ላይ ተገናኙ።

በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫ ጠቅላላ ውጤት ሲደመር፣ ፊንላንዳዊቷ ካይሳ ማካራይነን በሦስት ነጥብ ብቻ በለጠቻት። አንቶን በ2018 ታኅሣሥ ወር ውድድር ማቆሙን አስታወቀ። አናስታሲያ ደግሞ በ2019 መጋቢት ወር፣ በስዊድን ኧስተርሹንድ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ያላገኘችውን በግል የዓለም ሻምፒዮንነት ማዕረግ በሠላሳ አራት ዓመቷ ወሰደች።

ይህን ሁሉ ለመቶ አለቃ በሌላ ቀን፣ እዚያው ቡናችን ላይ፣ እንደዚህ አድርጌ ነገርኋቸው። ስለ ሒሳብ መምህርቷም ነገርኋቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ፣ «ልጅቷስ በጄ፤ ያ ወንድሟ ግን፣ እቤቱ ቁጭ ብሎ እኅቱ ስታሸንፍ ሲያይ፣ ለማን ያጨበጨበ ይመስልዎታል መምህር?» አሉኝ። እኔም ለእኅቱ ይመስለኛል አልኋቸው። «ይመስልዎታል?» አሉና ሦስተኛውን ቡና እንድትቀዳልን ልጃቸውን ጠሩ።